ወደ ፎቶ ቤት ከመሄድዎ በፊት፦ ስለ ጉርድ ፎቶግራፍ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጉርድ ፎቶግራፍ ለመነሣት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው ከዘመድና ከጓደኛ በሰማው ምክር ነው። ከእነዚህ ምክሮች ውስጥ ጠቃሚዎች ቢኖሩም፣ ለዓመታት በሥራ ማስረጃ ላይ ተለጥፎ ወይም በሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚኖረውን ምስል የሚያበላሹም አሉባቸው።

«መልኬ ጠቆር ስለሚል ፈካ ያለ ፓውደር ካልተቀባሁ ፎቶ ላይ አልወጣም።»

ከሁሉም የሚጎዳው አመለካከት ይህ ነው። ፊት በፎቶ ላይ ከሚገባው በላይ የሚጨልመው ካሜራው ብርሃንን በሚለካበት መንገድ የተነሣ እንጂ በቆዳው ቀለም ጥፋት አይደለም። ካሜራ በራሱ እንዲለካ ሲተው የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል፤ ስለዚህ አንዲት እናት የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በነጭ ግድግዳ ፊት ስትቀመጥ፣ ያ ሁሉ ነጭ ብርሃኑ የበዛ ያስመስለውና ካሜራው ምስሉን ያጨልመዋል። የቀሚሱ ጥለት ክር በክር ቁልጭ ብሎ ሲታይ ዓይኖቿ ግን በጥላ ውስጥ ይቀራሉ። ችግሩ የቆየ ታሪክም አለው፤ ባለፈው ክፍለ ዘመን የቀለም ፎቶ የሚያጥቡ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት የፊልም አምራቹ ኮዳክ በሚልክላቸው፣ «ሸርሊ ካርድ» በሚባለውና ለረጅም ጊዜ የነጭ ሴት ምስል ብቻ በነበረበት ካርድ ነበር። የእኛን መልክ የሚለካ ካርድ አልነበረም ማለት ነው።

መፍትሔው በፎቶ አንሺው እጅ ነው፤ ብርሃኑን ከልብሱ ሳይሆን ከፊቱ ላይ ይለካል፣ ካስፈለገም መብራት ይጨምራል። ፈካ ያለው ፓውደር ግን ችግሩን ያባብሰዋል። በብዙ ፓውደሮችና የፀሐይ መከላከያ ቅባቶች ውስጥ ያሉት ዚንክ ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የፍላሽን ብርሃን መልሰው ስለሚያንጸባርቁ፣ አንገትና እጅ የራሳቸውን ቀለም ይዘው ፊት ብቻውን አመድ የተነፋበት መስሎ ይወጣል። መኳኳል የፈለገች ሴት ከአንገቷ ቀለም ጋር የሚስማማውን ትምረጥ፣ ከቤት ሳትወጣም በስልኳ ፍላሽ አንድ ጊዜ ተነሥታ ትየው።

«የፊት ወዝ ጨርሶ መጥፋት አለበት።»

የለበትም። ግንባርና አፍንጫ ላይ የተጠራቀመውን በሶፍት መጫን ይበቃል፤ በጉንጭ አጥንት ላይ የሚቀረው ጥቂት ብርሃን፣ በተለይ ለጠቆረ ቆዳ፣ ለፊት ቅርጽ የሚሰጠው እርሱ ነው።

«የቀረውን ኤዲት ያስተካክለዋል።»

ኤዲት አንዲት ብጉር በቀላሉ ያጠፋል። ያልተተኮሰ የሸሚዝ ኮሌታ፣ የተጣመመ ከረባት ወይም በመነጽር ላይ አርፎ ዓይንን የሸፈነ የመብራት ነጸብራቅ ግን ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ተስተካክሎም መነካካቱ ያስታውቃል። ቀጫጭን መስመር ተቀራርቦ የተሠራበት ሸሚዝ ደግሞ በዲጂታል ካሜራ ላይ የሚሞገድ እንግዳ ቀለም ሊፈጥር ስለሚችል ቤት ቢቀር ይሻላል።

«ፀጉር መሠራትና ፂም መላጨት በዕለቱ ጠዋት ነው።»

ጠበቅ ተደርጎ የተሠራ ሹሩባ በመጀመሪያው ቀን የግንባርንና የጆሮ ግንድን ቆዳ ወጥሮ ይይዛል፣ አንዳንዴም ጥቃቅን እብጠት ያወጣል፤ ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ቀን አስቀድሞ መሠራት ይመረጣል። ምላጭ የሚያሳብጠው ወንድም በማሽን ቢያሳጥረው ይበጀዋል።

«እኔ ፎቶ ላይ አላምርም።»

ይህን የሚሉ ሰዎች ከልባቸው ስለሚሉት በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። በመስታወት ዘወትር የምናየው ፊታችን ግራና ቀኙ የተገለበጠ ነው፤ ፎቶ ግን ሌሎች እንደሚያዩን ስለሚያሳየን እንግዳ ይሆንብናል። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት፣ ተሳታፊዎቹ ከራሳቸው ፎቶዎች እንደ መስታወት የተገለበጠውን፣ ጓደኞቻቸው ደግሞ ያልተገለበጠውን ወደ መምረጥ እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። በመሆኑም ከተነሡት መካከል የሚታተመውን ለመምረጥ እኅትን ወይም የቅርብ ጓደኛን ይዞ መሄድ እውነተኛ ጥቅም አለው።

«አንድ ጥሩ ፎቶ ለሁሉም ይሆናል።»

ለሥራ ማመልከቻ የተነሡት፣ ጭንቅላት ዘንበል ብሎና ጥላ ተጥሎበት ያማረ ፎቶ ለአሜሪካ ዲቪ አያገለግልም። ለዲቪ የሚላከው ባለፉት 6 ወራት ውስጥ የተነሣ፣ ያለ መነጽር፣ በነጭ ወይም ለነጭ በቀረበ ግድግዳ ፊት፣ ፊት ለፊት የሚያይ፣ መጠኑም ከ600 በ600 እስከ 1200 በ1200 ፒክስል፣ ክብደቱ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ መሆን አለበት፤ ገጽታን በኤዲት መለወጥም አይፈቀድም። ስለዚህ ፎቶ ቤት እንደገቡ፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ፣ ፎቶው ለምን እንደሚፈለግ ለፎቶ አንሺው ይንገሩት፤ ግድግዳውንም መብራቱንም የሚመርጠው በዚያ ነውና።