የናፍጣ ኤሌክትሪክ ፓምፕ ምንድን ነው? ለአሮጌ ፒክአፕስ ይበጃል?

ኤሌክትሪክ ፓምፕ ማስገባት መኪናውን ኤሌክትሪክ ማድረግ አይደለም። ይህን መጀመሪያ መናገር ይሻላል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ኤሌክትሪክ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ባትሪና ቻርጀር ነው። እዚህ የምናወራው ግን እንደ ድሮው ናፍጣ መጠጣቱን ስለሚቀጥል መኪና ነው። የሚለወጠው ናፍጣውን ከታንከር አምጥቶ ለሞተሩ የሚያቀብለው ክፍል ብቻ ነው።

አዳማ ውስጥ ይህ ወሬ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ነው። ማታ ደህና የገባ ሃይሉክስ ጠዋት ማስነሻ ሞተሪኖው እስኪዝል ይዞራል። በስንት መከራ ይነሳል፣ ትንሽ ይንገዳገዳል፣ መልሶ ይጠፋል። ኮፈን ይከፈታል። ፊልትሮው አናት ላይ ያለችው የእጅ መጫኛ እስክትጠነክር ድረስ ጫን ጫን ትደረጋለች። አሁን ይነሳል። ይሄ ነገር ሲደጋገም አንዱ ብቅ ይልና «ጋሼ፣ ምን አደከሞት? ኤሌክትሪክ ፓምፕ ያስገቡበትና ይገላገሉ» ይላል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ግማሹ ግን ቀርቶታል።

አሮጌ የናፍጣ ሞተር ላይ ሁለት የተለያየ ሥራ አለ። አንዱ ናፍጣውን ከታንከር ማምጣት ነው። ሌላው የመጣውን ናፍጣ ጨምቆ ወደ ኖዝል፣ ማለትም ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጨው ዕቃ፣ መላክ ነው። ጨምቆ የሚልከው ጋራዥ ውስጥ ፖምፓ የሚባለው ውድ ዕቃ ነው። ኖዝል የሚከፈተው ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሆነ፣ ይህን ሥራ ማንም ትንሽ ኤሌክትሪክ ፓምፕ አይሠራውም። ስለዚህ «ፖምፓው ሞቷል፣ በኤሌክትሪክ ይተካ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት አመስግነው ይለፉት።

ናፍጣውን የማምጣቱ ሥራ እንደ መኪናው ይለያያል። የድሮ ላንድሮቨር ናፍጣ፣ 300 ቲዲአይ እስከሚባለው ሞተር ድረስ፣ ከሞተሩ ጎን የታሰረ ሜካኒካል ፓምፕ አለው። ካምሻፍቱ ሲዞር ክንዱን ይገፋዋል፣ ውስጥ ያለችው ስስ ጎማ ከፍ ዝቅ እያለች ናፍጣ ትስባለች። 2ኤች ሞተር ያለው የድሮ ላንድክሩዘር ላይ ደግሞ ትንሿ ፓምፕ ከራሱ ከፖምፓው ጎን ናት። በከተማችን በብዛት የሚታየው 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር የያዘው ሃይሉክስ ግን ለብቻዋ የቆመች ማቀበያ ፓምፕ የለውም። 1ኤችዜድ የያዘው ላንድክሩዘርም እንደዚያው። የእነዚህ ፖምፓ ቦሽ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቪኢ የሚባለው ዓይነት ነው። ሆዱ ውስጥ ባለች ትንሽ ተሽከርካሪ ፓምፕ ናፍጣውን ራሱ ከታንከር ድረስ ይስባል።

ችግሩ ያለው እዚህ መሳብ ላይ ነው። ናፍጣ የሚገፋበት መስመር ላይ ቀዳዳ ቢኖር ይንጠባጠባል፣ ይሸታል፣ ሰው ያየዋል። በሚሳብበት መስመር ላይ ግን ያው ቀዳዳ ናፍጣ አያወጣም። አየር ነው የሚያስገባው። ከሥር ቢተኙ ደረቅ ነው። ሌሊት መኪናው ሲቆም በዚያች ቀዳዳ አየር ይገባና በቱቦው ያለው ናፍጣ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ጠዋት ፖምፓው የሚስበው ባዶ ቱቦ ነው። «አየር ይዟል» የሚባለው ይህ ነው።

አየሩ የሚገባበት ቦታ ብዙ ነው። የአዳማ ሙቀት ያደረቀው የጎማ ቱቦ አንዱ ነው። የላላ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ) አለ። ፊልትሮ ሲቀየር የአሮጌው ጎማ ቀለበት ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ሲደረብ ሌላ ጣጣ ነው። የውኃ ማስወጫዋ ብሎንም ትጠረጠራለች። እኔን ቢጠይቁኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ያችኑ የእጅ መጫኛ ነው። ጠዋት ጠዋት ስትደበደብ የኖረች ጎማ ስለሆነች ትሰነጠቃለች። መፍትሔ እየመሰለች በሽታው እሷ ራሷ የምትሆንበት ጊዜ አለ።

ፓምፕ ከመግዛት በፊት አንድ ፈተና አለ፣ ወጪውም ከምንም አይቆጠርም። ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ትንሽ ጀሪካን ከፖምፓው ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ይደረጋል። ከእሱ የሚወጣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ በቀጥታ ፖምፓው መግቢያ ላይ ይታሰራል። ከታንከር የሚመጣው መስመርና ፊልትሮው ለጊዜው ከጨዋታ ውጪ ናቸው። የመመለሻው ቱቦም ወደዚያው ጀሪካን ቢገባ ጥሩ ነው። አየሩ ወጥቶ ሞተሩ ይነሳና እንዲሁ ታስሮ ያድራል። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ከተነሳ፣ ጥፋቱ ከታንከሩ እስከ ፊልትሮው ባለው መንገድ ላይ ነው። አሁንም ካስቸገረ ካንዴላ (ሞተሩን ለመነሳት የሚያሞቀው)፣ ኖዝል፣ ፖምፓ ወይም የሞተሩ ኮምፕሬሽን ይታይ። ያኔ ኤሌክትሪክ ፓምፕ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ቱቦው ብርሃን የሚያሳልፍ እንዲሆን የፈለግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፈተናው ካለቀ በኋላ ያንኑ ቱቦ ፊልትሮውና ፖምፓው መካከል አስገብቶ ሞተሩን ማስነሳት ይቻላል። አረፋ ተከታትሎ ካለፈ አየር እየገባ ነው፤ በዓይን ይታያል። ጭሱም ይናገራል። ሞተሪኖው እየዞረ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣ ደርሷል፣ ያልተቃጠለው ሙቀት አጥቶ ነው፤ ወደ ካንዴላ ይኬዳል። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም። ፖምፓው ላይ ያለችው የማጥፊያ ሶሌኖይድ መብራት ይደርሳት እንደሆነም በዚያው ይታይ። እሷ ካልከፈተች የቱም ፓምፕ አያስነሳውም።

ወደ ፓምፑ እንምጣ። ለዚህ ሥራ የሚሆኑት በደምሳሳው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዷ ትንሽ ሳጥን መሰል ናት። ውስጧ ያለው ጥቅል ሽቦ መብራት ሲያገኝ ማግኔት ሆኖ ትንሽ ፒስተን ያንቀሳቅሳል፤ ቁልፍ ሲከፈት ጠቅ ጠቅ ትላለች። ሌላዋ በሞተር የምትሽከረከር ናት፣ ድምፅዋ እንደ እዝዝታ ነው። ለአሮጌ ፒክአፕ ጠቅ ጠቅ የምትለው ትበቃለች ባይ ነኝ። ግፊቷ ዝቅተኛ ነው፣ አሠራሯም ቀላል ነው።

ግፊት ላይ ጠበቅ ማለት ያስፈልጋል። የሚፈለገው ከ0.2 እስከ 0.5 ባር ብቻ ነው። አንዳንድ ፓምፕ ላይ በፒኤስአይ ይጻፋል፤ ከ3 እስከ 7 ያለው ማለት ነው። ቪኢ ፖምፓ ሆዱ ውስጥ ያለውን ግፊት ተጠቅሞ ናፍጣ የሚረጭበትን ሰዓት ያስተካክላል። ከውጭ ብዙ ግፊት ሲጨመርበት ሰዓቱ ይዛባል፣ ሞተሩ ይንኳኳል። ሌላው የሚብሰው ነው። ፖምፓውን የሚያዞረው ዘንግ ላይ ያለችው የጎማ ማኅተም ለከፍተኛ ግፊት አልተሠራችም። እሷ ከለቀቀች ናፍጣው የሚፈሰው ታይሚንግ ቺንጋው ወዳለበት ክፍል ነው። በናፍጣ የራሰ ቺንጋ ዕድሜ የለውም፣ ሲበጠስ ደግሞ ቫልቭና ፒስተን ሊያገናኝ ይችላል።

ይህን የምለው ከቤንዚን መኪና የተፈታ ፓምፕ «ያው ፓምፕ ነው» ተብሎ ሲገጠም ስለሚታይ ነው። ያው አይደለም። የኢንጀክሽን ቤንዚን ፓምፕ 3 ባር ገደማ ይገፋል። ከሚፈለገው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ውስጡ ያለው ጎማም ለናፍጣ የሚሆን ነው ብሎ መተማመን አይቻልም። ሻጩን «ለናፍጣ ነው? ግፊቱ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ካልመለሰ ሌላ ሱቅ ይሂዱ። ቮልቱንም አይርሱ፤ ላንድክሩዘሮች ውስጥ በ24 ቮልት የሚሠሩ አሉ፣ የ12ቱ ፓምፕ እዚያ ላይ ወዲያው ይቃጠላል።

በሰዓት ስንት ሊትር የሚለውም ይጠየቃል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ፒክአፕ በሰዓት 10 ሊትር እንኳ ላይፈጅ ይችላል። ግን ፖምፓው ከሚያቃጥለው በላይ ናፍጣ ተቀብሎ የቀረውን ይመልሳል። በሚመለሰው ነው የሚቀዘቅዘውና የሚለሰልሰው። በሰዓት ከ60 እስከ 120 ሊትር የምታወጣ ፓምፕ ትበቃለች።

ቦታዋ ታንከሩ አጠገብ፣ ሻንሲው ላይ ነው። ከጭስ ማውጫው መራቅ አለባት፣ ከታንከሩ ከፍ ባትል ይመረጣል። ኮፈን ሥር ማሰር ለመካኒኩ ይቀላል፣ ግን ጥቅሙን ግማሽ ያሳጣል። እነዚህ ፓምፖች መግፋት እንጂ ከሩቅ መሳብ አይሆንላቸውም። ፓምፗ ታንከሩ ዘንድ ስትሆን ያ ሁሉ ረጅም ቱቦ የሚሳብ መሆኑ ቀርቶ የሚገፋ ይሆናል። ከእሷ በፊት ቆሻሻ የሚይዝ ትንሽ ወንፊት ይገባል፤ ዋናው ፊልትሮ እንዳለ በቦታው ይቆያል።

ይሄኔ አየር ታስገባ የነበረችው ቀዳዳ ናፍጣ ማንጠባጠብ ትጀምራለች። ሰዎች «ፓምፑ መኪናዬን አፈሰሰው» ብለው ሲያማርሩ እሰማለሁ። ፓምፑ አላፈሰሰውም፣ ድብቁን ቀዳዳ ነው ያጋለጠው። ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ይመስለኛል። ግን በገጠሙ በመጀመሪያው ቀን ቁልፍ ከፍቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ፣ መስመሩን በሙሉ በባትሪ መብራት ማየት ግድ ነው። በጋለ ጭስ ማውጫ ላይ የሚንጠባጠብ ናፍጣ ቀልድ አይደለም።

ሽቦው ላይ ብዙ አልቆይም፣ ለኤሌክትሪሺያኑ ልተወው። ከሬዲዮ ወይም ከፍሬቻ ሽቦ ቀጥሎ መስጠት አያዋጣም። ከባትሪ በፊውዝ ወጥቶ በሪሌ፣ ማለትም በትንሽ መብራት በሚታዘዝ ማብሪያ፣ ይምጣ። ሪሌው በዘይት ግፊት መቆጣጠሪያ በኩል ቢሄድ ደግሞ የተሻለ ነው። አደጋ ደርሶ ሞተሩ ቢጠፋና ቁልፉ እንደተከፈተ ቢቀር፣ ፓምፗ ናፍጣ ማፍሰሷን ታቆማለች። በዚህ መንገድ ሲሠራ ጠዋት ከመነሳት በፊት መስመሩን ለመሙላት ተጭነው የሚለቋት ቁልፍ ትጨመራለች።

ላንድሮቨር ለያዘ ሰው ጉዳዩ ትንሽ ለየት ይላል። የሜካኒካል ፓምፑ ስስ ጎማ ሲቀደድ ናፍጣው ወደ ሞተር ዘይት ሊገባ ይችላል። የዘይት መለኪያውን ሲያወጡ ዘይቱ ከልኩ በላይ ሆኖ፣ ቀጥኖ፣ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ይህን ይጠርጥሩ። ኤሌክትሪክ እዚህ ላይ ትክክለኛ ምትክ ነው። አሮጌው ተፈትቶ ቀዳዳው በብረት ክዳንና በጓርኒሲዮን ይዘጋል፣ ዘይቱም ይቀየራል። አዲስ ሜካኒካል ከተገኘ ግን እኔ እሱን እመርጣለሁ። ሽቦ የለው፣ ሪሌ የለው።

ወደ አሰላ የሚመላለሱ ሰዎች ሌላ ጥያቄ አላቸው። ከዴራ አልፎ ኢተያ ሲቃረብ፣ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ፣ መኪናው ጉልበት ያጣል። ኤሌክትሪክ ፓምፕ ይፈውሰው ይሆን? አንዳንዴ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ግን አይፈውሰውም። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፣ አሰላ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ሳስቷል። አየር ጨምቆ የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ሞተር የሚያጣው ጉልበት ከዚያ ነው፤ ፓምፕ አየር አይጨምርም። ቆም ብሎ ሲያርፍ የሚሻለው፣ ሲሄድ መልሶ የሚደክመው ግን ታንከሩ ይታይለት። ሲጎትት የመምጫውን አፍ የሚደፍን፣ ሲቆም ወደ ታች የሚወርድ ቆሻሻ ይኖራል። የታንከሩ ክዳን ሲከፈት ፉጨት ከተሰማ ደግሞ መተንፈሻው ተደፍኗል። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ኤሌክትሪክ ፓምፕ ቢገጠም ደረቁን ሲጎትት ውሎ ይቃጠላል።

ሰልፍ ሲበዛ በበርሜልና በጀሪካን የሚገዛ ናፍጣ ውኃና ዝቃጭ ይዞ ይመጣል። ፓምፕ ያስገባ ሰው ወንፊቱን በየጊዜው መፍታት፣ ከፊልትሮው ሥር ያለውን ውኃ ማስወጣት አለበት።

ኮመንሬል የሚባሉትን አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች ግን፣ እነ ቶዮታ ዲ4ዲን፣ በዚህ ጽሑፍ እንዳይነኩብኝ። የእነሱ ነዳጅ መስመር በኮምፒውተርና በሴንሰር የሚጠበቅ ነው፤ ትንሽ ፓምፕ ከመንገድ ገዝቶ መሀል ላይ መሰካት ጣጣ ያመጣል።