አንድ ሊትር መቼ ነው አንድ ኪሎ የሚሆነው?

ባቲ ሰኞ ገበያ እህል በጣሳ ይሰፈራል፤ ደሴ ሱቅ ገብተው ዱቄት ሲገዙ ደግሞ በኪሎ ይመዘናል። ስፍር የሚለካው እቃው የሚይዘውን ቦታ ነው፣ ሚዛን ደግሞ ክብደቱን። ሁለቱ ልክ የሚገጥሙት ውሃ ላይ ነው፦ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ወተትም ብዙ አይርቅም።

ዘይት ቀለል ስለሚል ሊትሩ ወደ 920 ግራም ነው። ማር ግን ከባድ ነው፤ ሊትሩ 1.4 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ 1 ኪሎ ማር ገዝተው የሊትር ዕቃዎ ባይሞላ ሻጩን ለመውቀስ አይቸኩሉ፤ ትክክለኛው 1 ኪሎ 700 ሚሊ ሊትር አካባቢ ላይ ይቆማል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዱቄት ላይ ነው። 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ፣ ተነፍቶ በማንኪያ ቀስ ተብሎ ከተሞላ 120 ግራም ያህል ዱቄት ይይዛል። ያንኑ ኩባያ ጆንያ ውስጥ ከተው ጠቅጠቅ አድርገው ካወጡት 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። ለድፎ ዳቦ 4 ኩባያ ሲሰፍሩ ልዩነቱ 120 ግራም፣ ማለትም አንድ ሙሉ ኩባያ ሆነ! በዚያው ውሃ ቢያቦኩት ሊጡ ይጠጥራል፣ ዳቦውም ይደርቃል። ስኳር እንዲህ አያስቸግርም፤ ኩባያው 200 ግራም ነው።

ቤት ውስጥ ሚዛን ካለ ባዶውን ኩባያ ያስቀምጡና ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ከዚያ ሁልጊዜ በሚሰፍሩበት አኳኋን ሞልተው ይመዝኑ፣ ያገኙትንም በየእህሉና በየዱቄቱ ስም ጽፈው ማጀት ይለጥፉት።