ከማዕዱ የተረሱት መበለቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ስናነብ ዓይናችን ቶሎ የሚሮጠው ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ዛሬ ግን ከእርሱ በፊት የተጠቀሱትን መበለቶች እንያቸው። ኢየሩሳሌም ትልቅ ከተማ ናት። ምእመናን በዝተዋል። ያላቸው ንብረታቸውን እየሸጡ ያመጣሉ፣ ምግብ በየቀኑ ይታደላል። እንዲያም ሆኖ ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ በይሁዳ በኖሩት አይሁድ ላይ አንጎራጎሩ፤ «መበለቶቻቸውን ችላ ይሉባቸው ነበርና» ይላል።

ልብ በሉ፣ ምጽዋቱ አልጠፋም። የጠፋው ለሁሉም እኩል ማድረስ ነው። ሐዋርያትም ቅሬታ ያቀረቡትን ዝም አላሰኙም። መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው 7 ሰዎች አስመረጡ፤ ጸልየውም እጃቸውን ጫኑባቸው። ለማዕድ ነው ይህ ሁሉ! ደግሞ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። የተበደለውን ወገን ችግር የሚያውቁ ሰዎች ማዕዱን ያዙ ብዬ አስባለሁ።

ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። በ2012 ዓ.ም. ከተማዋ የተማሪዎች ምገባ ስትጀምር ወደ 300,000 ልጆች ይዛ ነበር። ከዚያ በፊት በጎ አድራጊዎች በጥቂት ትምህርት ቤቶች ሲደክሙበት ቆይተዋል። በተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላትም የሚበላው ያጣ ሰው በቀን አንዴ ይመገባል፤ ባለሀብቶችም እጃቸውን ዘርግተዋል። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

እኛስ? ዝክር አለን፣ ሰንበቴ አለን፣ የጽዋ ማኅበር አለን። ለቤታችን ከጉልት ትኩሱን ጎመን፣ ደህናውን ቲማቲም መርጠን እንገዛለን። ለነዳያን ግን ያደረ ዳቦ እንይዛለን። እዚያ ደጀ ሰላም የተቀመጡት እናት ስኳር ሕመም ቢኖርባቸውስ? ጠይቀናቸው እናውቃለን?

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ደጁ ላይ የሌለችው ናት። የቤት ኪራይ ከፍላ እጇ ባዶ የቀረ፣ ለልጆቿ አትክልት መግዛት ያቃታት፣ ለመለመን ግን የምታፍር እናት። በየሰፈራችን አለች። የዛሬዋ የተረሳች መበለት እሷ ናት።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሰንበቴ ከዳቦው ጎን ምስር ወጥና ጎመን ይቅረብ። ሁለት ሦስት ሰዎች ደግሞ ሰፈሩን በደንብ ከሚያውቁት መካከል ይመረጡ። ለጉልቷ ሴት ቀድመን እንክፈልና ያቺ እናት የሳምንቱን አትክልት እንደ ማንኛውም ገዢ መርጣ ትውሰድ። ማን እንደከፈለላት ማንም አይወቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።