የውሻና የድመት የችርቻሮ ሽያጭ ገደብ፦ ከባሕር ማዶ ሕግ እስከ ደሴ ልማድ

ውሻና ድመት በሱቅ እንዳይሸጡ የሚከለክሉ ወይም ሽያጩን የሚገድቡ ሕጎች ዋና ዒላማቸው ከሱቁ ጀርባ ያለው እርባታ ነው። ለትርፍ ብቻ በሚሠሩ ጣቢያዎች እናቲቱ በጠባብ ማጎሪያ ተዘግቶባት ያለ ዕረፍት ትወልዳለች፤ ቡችሎቹም ጡት በወጉ ሳይጥሉ ረጅም መንገድ ይጓጓዛሉ፤ ገዢው የሚያየው ግን ታጥቦ የቀረበውን ቡችላ ብቻ ነው።

በአሜሪካ ገደቡን በክፍለ ግዛት ደረጃ ቀድማ የደነገገችው ካሊፎርኒያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 የጸደቀውና ከ2019 መግቢያ ጀምሮ የሠራው ሕግ ሱቆች ውሻ፣ ድመትና ጥንቸል የሚያቀርቡት ከተጣሉ እንስሳት ማቆያዎችና እንስሳትን ከችግር ከሚታደጉ ማኅበራት ብቻ እንዲሆን አዘዘ። አንዳንድ ነጋዴዎች የእነዚህን ማኅበራት ስም ለብሰው መሸጣቸውን በመቀጠላቸው ሕጉ ከ2021 ጀምሮ ይበልጥ ጥብቅ ሆኗል። ኒውዮርክ በታኅሣሥ 2024፣ ፈረንሳይ በጥር 2024 የሱቅ ሽያጩን አግደዋል። በአንጻሩ የአሪዞናና የኦሃዮ ክፍለ ግዛቶች ከተሞቻቸው በራሳቸው እንዳይከለክሉ የሚገታ ሕግ አውጥተዋል። የእንግሊዙ ሕግ፣ ከዌልስ እርባታ ጣቢያ በተረፈች ሉሲ በተባለች ውሻ ስም የሚጠራው፣ ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ስድስት ወር ያልሞላቸውን ቡችሎችና የድመት ግልገሎች በደላላ መሸጥን ከልክሏል፤ ገዢው ግልገሉን በተወለደበት ስፍራ ከእናቱ ጋር ማየት አለበት።

ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው እንግዳ አይደለም። በሁለቱ ከተሞች ውሻም ሆነ ድመት በአመዛኙ የሚተላለፈው በዝምድናና በጉርብትና ነው። የጎረቤት ውሻ መውለዷ ሲሰማ ፈላጊው «ወንዱን ለእኔ» ብሎ አስቀድሞ ያስይዛል፤ እናቲቱንም ጠባይዋንም ያውቃል። ድመት ደግሞ መንገዱን አይታ እንዳትመለስ በጆንያ ተሸፍና ትወሰዳለች። ይህ ያለ ሽያጭ በነፃ የመስጠት መልካም ልማድ ከሃይማኖት ጋር ይያያዝ ይሆናል። ኦሪት ዘዳግም 23፥18 «የውሻ ዋጋ» ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ይከለክላል፤ ቃሉ እውነተኛውን ውሻ ስለማመልከቱ ግን ተርጓሚዎች ይለያያሉ። በእስልምናም የውሻን ዋጋ የሚከለክል ሐዲስ አለ፤ የሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ አተረጓጎም መንገድ) ሽያጩን አያጸድቅም፣ የሐነፊ ግን ይፈቅዳል። በወሎ ሁለቱም መዝሀቦች ተከታይ አላቸው። ድመትን መሸጥ አብዛኞቹ ዑለማዎች ይፈቅዳሉ።

የኢትዮጵያ ሕግ በበኩሉ የሚያተኩረው በባለቤቱ ኃላፊነት ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆንም እንኳ፣ ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል።

በነፃ የተሰጠ ቡችላ ግን ብዙ ጊዜ ሳይከተብ ያድጋል፤ የልማዱ ትልቁ ክፍተት ይህ ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚተላለፈው በውሻ ሲሆን፣ ስርጭቱን ለመግታት ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት ውሾች መከተብ አለባቸው። አካባቢው ለዚህ የሚበቃ ሙያ አለው፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞችን ያሠለጥናል፣ ኮምቦልቻም የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ አላት። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ፣ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቅ፣ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።