ቮልቴጅ ድሮፕ ምንድን ነው? ዲናሞው እየሠራ ባትሪው የሚራብበት ምክንያት

አሜሪካ የሚኖር አንድ ወዳጄ ከጦሩ የተወገደ አሮጌ የጭነት መኪና ገዝቶ ያድሳል። ኤም 35 ኤ 2 ይባላል፤ በሦስቱም አክስል የሚጎትት፣ እዚያ «ሁለት ተኩል ቶን» እያሉ የሚጠሩት ነው። አንድ ቀን ደወለልኝ። «ዲናሞ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፤ ጠዋት ስመጣ ግን ባትሪው ወርዶ ነው የማገኘው።»

ሞተሩን አስነስቶ፣ መብራት አብርቶ ቮልቱን በቴስተር እንዲለካ ነገርኩት። ጥቁሩን ሽቦ ዲናሞው አካል ላይ፣ ቀዩን የዲናሞው መውጫ ብሎን ላይ።

«28.3» አለኝ።

«ባትሪዎቹ ላይስ?»

ዞሮ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ «25.9» አለ።

በመካከል የጠፋው 2.4 ቮልት ነው ቮልቴጅ ድሮፕ የሚባለው። ዲናሞው ያመነጨው ኃይል ባትሪው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚቀረው ማለት ነው። የቀረውም የትም አልጠፋም፤ ሙቀት ሆኗል። በዚያ ሰዓት 40 አምፒር ያህል እየሄደ ነበር ብንል፣ 2.4 ቮልት ለማስቀረት መንገዱ ላይ 0.06 ኦም የሚሆን እንቅፋት ብቻ ይበቃል፤ ብዙ ቴስተር በትክክል ሊያነበው የማይችል ትንሽ ነገር። ኃይሉን ስናሰላው ግን 2.4 ሲባዛ በ40፣ 96 ዋት ነው። የድሮ መቶ ሻማ አምፖል አንድ የዛገ ብሎን ሥር እንደበራ ቁጠሩት።

ይህ መኪና ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን በተከታታይ አስሮ በ24 ቮልት የሚሠራ ነው። 28.3ን ለሁለት ብናካፍለው ለእያንዳንዱ 14.15 ይደርሰዋል፤ ሸጋ ቻርጅ ነው። 25.9 ሲካፈል ግን 12.95 ነው። ሞልቶ ያረፈ ባትሪ ራሱ 12.6 አካባቢ ስለሚያሳይ፣ በ12.95 ባትሪ አይሞላም፤ እንዳይወድቅ ብቻ ይደገፋል። ሞተሩ ደግሞ እንደ ማንኛውም ናፍጣ ሞተር ነዳጁን በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ ስለማይፈልግ፣ ባትሪው ቢደክምም ሳያስታውቅ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ጉዱ የሚታወቀው በማግስቱ ጠዋት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሞተሩን አጥፍቶ ገመዱን በቴስተር ይነካና «24 ቮልት ደርሷል፣ ገመዱ ደህና ነው» ይላል። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ቧንቧው ተዘግቶ ውሃው ቆሞ ሳለ ዝገት ግፊቱን አይቀንሰውም፤ ቢኖርም አይታወቅም። ቧንቧውን ከፍታችሁ ውሃው ሲሄድ ነው ጠብ ጠብ የሚለው። ቴስተርም ራሱ የሚጠጣው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ ውስጡ ተበልቶ አንድ ክር የምታህል ሽቦ ብቻ የቀረችው ገመድ እንኳ ሙሉ 24 ታሳያለች። ቮልቴጅ ድሮፕ የሚለካው ኤሌክትሪክ የሚጠጣ ነገር በርቶ፣ አምፒሩ ሲሄድ ብቻ ነው።

አለካኩ ሰነፍ ለሆነ ሰው የተሠራ ይመስላል፤ ምንም ነገር መፍታት የለም። ሞተሩን ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ከሚዞርበት) ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ የፊት መብራት አብርቶ፣ ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ ማድረግ። ቀዩን የዲናሞው መውጫ ላይ፣ ጥቁሩን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ። አዎ፣ ሁለቱንም ፖዘቲቭ ላይ። የሚነበበው ቁጥር በዚያ መንገድ ላይ የቀረው ቮልት ነው። ከዚያ ያንኑ በኔጌቲቭ በኩል መድገም፤ አንዱን ጫፍ ዲናሞው አካል ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ። የባትሪው ላይ ስል ከባትሪው ብቅ ያለውን የእርሳስ ጉጥ ራሱን ነው እንጂ የታሰረበትን ክላምፕ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሌባው በእርሳሱና በክላምፑ መካከል ነው የሚደበቀው። እኔ በአንድ ወገን ከግማሽ ቮልት በላይ ካየሁ ፍለጋ እጀምራለሁ።

ወዳጄ ሲለካ በፖዘቲቭ 0.3፣ በኔጌቲቭ 2.1 አገኘ። ስለዚህ ችግሩ ማሳው ላይ ነው፤ ማሳ የምንለው በሞተሩና በሻሲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መንገድ ነው። ግን የቱ ጋ? ወደ ባትሪው የሚሄደው ወፍራም የማሳ ገመድ እንዳልሆነ ሳይለካ መናገር ይቻል ነበር፤ ምክንያቱም ባትሪውን በቻርጀር ሞልቶ ሲያስነሳ ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳው፣ ያለ ማቅማማት ይዞራል። ሞተሪኖ በመቶ የሚቆጠር አምፒር የሚጎትት ጉድ ነው፤ በዚያ ገመድ ላይ ይህን ያህል ዝገት ቢኖር ኖሮ ጨርሶ አያስነሳም ነበር። ስለዚህ የዲናሞው ኤሌክትሪክ ብቻውን የሚያልፍበት፣ ሞተሪኖው የማይጋራው ቦታ መሆን አለበት። ከሞተሩ ብሎክ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ለካ፤ 0.1። ከዲናሞው አካል እስከ ሞተሩ ብሎክ፤ 2.0።

ዲናሞውን የተሸከመው ብረት አዲስ፣ የሚያምር የወታደር አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። የዲናሞው የማሳ ሽቦም በዚያው ቀለም ላይ ታስሯል። መኪናውን ሲያሳምር ራሱ ነው የቀባው። ሦስቱም ዲናሞ ሲገቡ የተቀመጡት እዚያው ቀለም ላይ ነው።

ይኸው ድሮፕ ቦታውን ሲቀይር በሽታውን ሊገለብጥም ይችላል። በድሮዎቹ መኪናዎች የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ከዲናሞው ተለይቶ፣ በራሱ ቆርቆሮ ሳጥን ሆኖ ብረት ላይ ይታሰራል። ቮልቱን የሚለካው ከራሱ አካል ተነስቶ ነው። የሳጥኑ ማሳ ካልያዘ ቮልቱ ያነሰ ይመስለዋል፤ «ጨምር» ይላል። ያኔ ባትሪው አይራብም፣ ይቀቀላል፤ ውሃውን ይጨርሳል፣ አምፖል ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል። ሰውም ሬጉሌተሩን አውጥቶ ይጥላል፣ ጥፋቱ የቀለም ሆኖ ሳለ።

የጦር መኪና ሌላም ጠባይ አለው። ወንዝ እንዲሻገር ስለተሠራ የሽቦ መገጣጠሚያዎቹ ውሃ እንዳይገባባቸው በላስቲክ ተሸፍነዋል። ላስቲኩ ሲያረጅ ግን አንዴ የገባ እርጥበት መውጫ የለውም፤ ነቅላችሁ ስታዩት ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሞልቶታል። ሽቦዎቹ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ጥቁር ናቸው፤ የሚለዩት ጫፋቸው ላይ ቁጥር በተመታባት ትንሽ ቆርቆሮ ነው። ያቺን ቆርቆሮ ቀለም ቀብቶ ወይም ቆርጦ የጣለ ሰው ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ኤሌክትሪሺያን በድሎታል።

ለሬዲዮ ብለው 12 ቮልት ከአንደኛው ባትሪ ብቻ የሚስቡም አሉ፤ እኛም አገር ባለ 24 ቮልት አይሱዙ ላይ የሚደረግ ነው። ያ ድሮፕ አይደለም፣ ግን ምልክቱ ስለሚመሳሰል ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ለኩ። አንዱ 15፣ ሌላው 13 ካለ ገመድ መፈለጉን ትታችሁ ወደዚያ ሂዱ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፤ ሞተሩ እየሠራ ደግሞ የባትሪ ገመድ አትፍቱ፣ ዲናሞው ውስጥ ያለውን ዳዮድ ታቃጥላላችሁ።

ወዳጄ ብረቱንና የሽቦውን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ብረት ከብረት አገናኝቶ አሰረው፤ ከላይ ግሪስ ቀባው። ዲናሞው ላይ 28.2፣ ባትሪዎቹ ላይ 27.8። «ተበላሹ» ብሎ ያወጣቸውን ሁለት ዲናሞዎች በየተራ ገጥሞ ሞከራቸው። ሁለቱም ያመነጫሉ።