«ወፍ ክንፍ አላት፤ ሌላ ጫካ ትፈልጋለች» ለሚሉ

በደሴ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ፣ የጫካ መመንጠርን ባነሣሁ ቁጥር ከተማሪም ከባልደረባም የምሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ወፍ እኮ ክንፍ አላት፤ ይህ ጫካ ቢጠፋ ሌላ ትፈልጋለች»። ይህ አባባል እጅግ ስለሰለቸኝ፣ አብረውት የሚነሡትን ትንንሽ ስሕተቶች በአጭሩ አልፌ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

«ወፍ በብዛት ከታየ ጫካው ደኅና ነው» ይባላል። ቁራና ርግብ ፒያሳም ሞልተዋል፤ ስለ ጫካ ጤና የሚመሰክሩት ከጫካ ውጭ መኖር የማይችሉት ናቸው።

«ዛፍ ሁሉ አንድ ነው» የሚለውም አያስኬድም። በደጋችን ጫካዎች የሚኖረው ባለ ነጭ ጉንጩ ቱራኮ በዋናነት ፍሬ በል ነው፤ ዝግባ፣ ጽድና ሾላ ይቀልቡታል፣ ባህር ዛፍ ግን የሚለቀም ፍሬ አይሰጠውም።

«የደረቀ ግንድ ለማገዶ ነው» ለሚሉም፣ ግንደ ቆርቁር ጎጆዋን የምትፈለፍለው ብዙውን ጊዜ በሞተና በላላ እንጨት ውስጥ እንደሆነ፣ ትታው ስትሄድም መፈልፈል የማይችሉ ሌሎች ወፎች እንደሚገቡበት እነግራቸዋለሁ። ይህን የምናገረው ከጥፋቴ ተምሬ ነው፤ እኔው ራሴ ከግቢያችን ጥግ የደረቀ ኮሶ አስቆርጬ፣ ግንዱ ሲወድቅ ከጉድጓዱ የተሰባበሩ ነጫጭ እንቁላሎች አግኝቻለሁ።

አሁን ወደ ክንፉ። ክንፍ ሁሉ ለአንድ ሥራ አልተፈጠረም። በሐሩር ክልል ጫካ ውስጥ፣ ከምድር ብዙም ሳይርቁ በጥቅጥቅ ቅጠል ሥር የሚኖሩ ብዙ ወፎች ክንፋቸው አጭርና ክብ ነው፤ በቅርንጫፎች መካከል በድንገት ለመታጠፍ ይመቻል፣ ገላጣ ሜዳ ለማቋረጥ ግን አቅም ያንሰዋል። ዕድሜውን በጥላ ያሳለፈ ወፍ ደግሞ መብረር ቢችል እንኳ ወደ ብርሃኑ መውጣት ይፈራል።

ለፓናማ ቦይ ሲባል ሸለቆ በውኃ ሲሞላ፣ የኮረብታዎቹ ጫፎች በሐይቁ ውስጥ ደሴት ሆነው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤታቸውን ያሳተሙ ተመራማሪዎች የጫካ ወፎችን በጀልባ ወደዚሁ ሐይቅ ወስደው፣ ከዳርቻው በተለያየ ርቀት ላይ ለቀቋቸው። አንዳንዶቹ ያለ ችግር የብስ ሲደርሱ፣ ሌሎቹ 100 ሜትር እንኳ ማቋረጥ ተሳናቸው፤ ከደሴቶቹ ላይ የጠፉትም በአብዛኛው እነዚህ መብረር ያቃታቸው ዝርያዎች ናቸው። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ይሥቃሉ፤ 100 ሜትር የአንድ እግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ነውና።

በብራዚል ማናውስ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1979 የተጀመረው ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። 1 እና 10 ሄክታር ብቻ ሆነው ከተነጠሉ ጫካዎች ቶሎ ከጠፉት መካከል፣ የጉንዳን ሠራዊት እየተከተሉ ከፊቱ የሚሸሹትን ነፍሳት የሚለቅሙ ወፎች ይገኛሉ። አንድ የጉንዳን መንጋ በየቀኑ ለአደን አይወጣም፤ ስለዚህ ወፎቹ ብዙ መንጋ የሚይዝ ሰፊ ጫካ ያስፈልጋቸዋል።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ችግኝ ለመትከል የምትወጡ ሁሉ፣ እባካችሁ ከኮረብታው አናት ይልቅ በቦርከና ገባሮች ዳር፣ አንዱን ቁራጭ ደን ከሌላው የሚያያይዝ ሰቅ ምረጡ፤ ዋንዛ፣ ሾላና ወይራ ቀላቅሉበት፤ ሥሩ የሚበቅለውን ቁጥቋጦም ጽዳት ነው ብላችሁ አትመንጥሩት። ባለፈው ክረምት ከተማሪዎቼ ጋር የተከልነውን ሰቅ ልናይ ስንሄድ፣ አንድ ደግ ሰው ሥር ሥሩን አጭዶ አሳምሮ ጠበቀን፤ ድካሙን አመስግኜ፣ ለከርሞ ማጭዱን እንዲያስቀምጥልኝ ለመንኩት።