ማዕከላዊ ድካም ምንድን ነው?

ማለዳ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ የሚሠለጥኑ ሯጮችን ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ጭኑ እየተንቀጠቀጠ «በቃኝ» ሲል የነበረ ወጣት «የመጨረሻዋ ዙር ናት!» ሲባል ድንገት ፍጥነት ሲጨምር ሳይታዘብ አይቀርም። ጡንቻው በእርግጥ አቅሙን አሟጥጦ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። ማዕከላዊ ድካም የሚባለው አንጎልና ህብለ ሰረሰር ለጡንቻ የሚያስተላልፉት ትእዛዝ እየቀነሰ በመሄዱ የሚመጣ የጉልበት መውረድ ነው።

እርግጥ ነው፣ ጡንቻው ራሱም ይዝላል። ጡንቻ የሚኮማተረው በሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ሲለቀቅ ነው፤ ሥራው ሲከብድ ግን ኃይል ሲመነጭ የሚወጣው ፎስፌት እየተጠራቀመ የካልሲየሙን ልቀትም፣ ጉልበት የሚያወጡትን ፕሮቲኖች መያያዝም ያውካል። በየጂሙ የሚሰማው «ላክቲክ አሲድ ሞልቶብህ ነው» የሚለው ማብራሪያ ይህን ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ስለሚያላክክ አጥጋቢ አይደለም፤ ላክቴት፣ ማለትም ላክቲክ አሲድ በሰውነት ውስጥ የሚገኝበት መልክ፣ እንዲያውም ልብና ሌሎች ጡንቻዎች እንደ ነዳጅ የሚጠቀሙበት ነው።

ሁለቱን ድካሞች ለመለየት አንድ ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ እየገፋ ሳለ ወደ ጡንቻው በሚሄደው ነርቭ ላይ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይሰጠዋል። ምቱ ተጨማሪ ጉልበት ካስገኘ፣ ሰውየው ያለውን ሁሉ እንደሰጠ ከልቡ ቢያምንም እንኳ አንጎሉ ጡንቻውን ሙሉ በሙሉ አላዘዘውም ማለት ነው። እንግሊዛዊው የሰውነት አሠራር ተመራማሪ ሜርተን እ.ኤ.አ. በ1954 በአውራ ጣት ጡንቻ ላይ ይህን ሞክሮ ምንም ጭማሪ ስላላገኘ፣ ድካሙ ያለው ጡንቻው ውስጥ ነው ብሎ ደመደመ። በኋላ ግን በራስ ቅል ላይ በሚሰጥ የመግነጢስ ምት የተደረጉ ሙከራዎች፣ ሰው እስከ መጨረሻው እየታገለ ሳለ እንኳ ከአንጎል የሚወጣው ትእዛዝ ጉድለት እየሰፋ እንደሚሄድ አሳዩ።

አንጎል ትእዛዙን የሚቀንሰው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ከጡንቻ ወደ ህብለ ሰረሰር የሚመለሱ ቀጫጭን ነርቮች በጡንቻው ውስጥ የተጠራቀመውን ኬሚካልና ጫና ዘወትር ማሳወቃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት ብስክሌተኞች እነዚህ የእግር ነርቮች የሚልኩት መልእክት በወገብ በኩል በተሰጠ መድኃኒት ታግዶ 5 ኪሎ ሜትር ተወዳደሩ። በመጀመሪያው አጋማሽ ከወትሮው የበለጠ ኃይል አወጡ፣ በሁለተኛው ወደቁ፤ ሰዓታቸው አልተሻሻለም፤ የጭናቸው ጡንቻ ግን ከወትሮው እጅግ የበለጠ ዝሎ ስለነበር ከብስክሌቱ ለመውረድና ለመራመድ የተቸገሩ ነበሩ። ለእኔ ከሁሉ የላቀው ማስረጃ ይህ ነው፤ ትእዛዙ የሚቀንሰው ጡንቻውን ከከፋ ጉዳት ለመጠበቅ ጭምር እንደሆነ ያሳያልና።

የማዕከላዊው ድርሻ በአጭርና በከባድ ሩጫ አነስተኛ፣ በረጅምና በዝግተኛ ሥራ ከፍተኛ ነው። ሙቀትና የኦክስጅን ማነስም ያባብሱታል፤ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ከቆላ የመጣ እንግዳ ደረጃውን ሲወጣ ቶሎ መድከሙ አያስደንቅም። ከሩጫ በፊት የሚጠጣው ቡና የሚረዳውም በአመዛኙ ካፌይን በአንጎል ውስጥ የድካምና የእንቅልፍ ስሜት የሚያመጣውን ኬሚካል፣ የአዴኖሲንን፣ ሥራ ስለሚያግድ ነው።

ጉዳዩ የስፖርት ብቻ አይደለም። በስትሮክ ወይም በመልቲፕል ስክለሮሲስ (የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ነርቮችን ሽፋን በሚጎዳ በሽታ) ለተያዙ ሰዎች ጡንቻው ሳይጎዳ ትእዛዙ ሊያንስ ስለሚችል፣ ጡንቻቸውን ብቻ ዳስሶ «ደህና ነህ፣ በርታ» ብሎ መሸኘት ስህተትም በደልም ነው።